የዝንጀሮ አገዳ (አበልቢላ) ፀሐይ በሚመታው ግቢ፦ አተካከሉ፣ አከፋፈሉና የሚያበሰብሰው ነገር

ጦሳ ሥር (ክሩን የከፈተ)
መጋቢት 2

ሰላም ናችሁ ወሎዬዎች። ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚያርፍበት ግቢ ኖሮት «ውሃ የማያስቸግር፣ አንዴ ተተክሎ በየዓመቱ የሚያብብ ምን ልትከል?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ የሚሰጠው መልስ ጀራኒየም ወይም ጽጌረዳ ነው። ሁለቱንም አልነቅፍም። ነገር ግን በደጋችን ተረተር ላይ ክረምቱ ሲያባራ እንደ ችቦ የሚቆመውን የዝንጀሮ አገዳ በግቢው የሚተክል ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል። የሳይንስ ስሙ ኒፎፊያ ፎሊዮሳ ነው፤ በተፈጥሮው ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አይበቅልም። በአገራችን ካሉት 7 የኒፎፊያ ዝርያዎች 5ቱ የእኛ ብቻ ናቸው።

ዘመዱ እሬት ነው፤ ቅጠሉን ላየው ሰው ይመሳሰልበታል። አያያዙ ግን እንደ እሬት አይደለም። እሬት ውሃውን በቅጠሉ ያጠራቅማል። የዝንጀሮ አገዳ ቅጠል ስስ ነው፤ ድርቁን የሚችለው በወፋፍራም ሥሮቹ ነው። ስለዚህ ሥሩ ከተጎዳ ሌላ መጠባበቂያ የለውም።

የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፦ በቀን ለ6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይና ውሃ የማይተኛበት አፈር። ሁለተኛው ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። የደሴ ግቢ አፈር ብዙው ጭቃማ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ አይጠጣም። ከመትከላችሁ በፊት ፈትኑት። 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ይጥፋ፤ ከዚያ እንደገና ሙሉና ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ከወረደ ደኅና ነው። በማግሥቱ ጠዋት ውሃው አሁንም እዚያው ካለ ቦታውን ለውጡ፣ አለዚያ መደብ ከፍ አድርጋችሁ ሥሩ።

«ጉድጓድ ቆፍሬ ከታች ጠጠር ላድርግ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። አታድርጉት። ጭቃ አፈር ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ገንዳ ነው፤ የዙሪያው ውሃ ሁሉ ወደ እሱ ይሰበሰባል። ጠጠሩም ውሃውን ወደ ታች አያስወርደውም፤ ከላይ ያለው አፈር ጠግቦ እስኪያበቃ ድረስ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። የሚሠራው ከፍታ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ መደብ በ25 ሳንቲ ሜትር ለማንሳት 4 የእጅ ጋሪ ያህል ድብልቅ ይበቃል፦ 2 ጋሪ የግቢው አፈር፣ 1 ጋሪ ሻካራ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር፣ 1 ጋሪ በደንብ የበሰለ ብስባሽ። ከመደልደላችሁ በፊት የታችኛውን መሬት በዶማ አንድ ክንድ ያህል አላሉት፤ ያለዚያ ሥሩ ከደረቁ ወለል ላይ ደርሶ ይመለሳል።

በዚህ መደብ ላይ 3 እግር ትተክላላችሁ፣ በመካከላቸው 60 ሳንቲ ሜትር። ሲተከል ዕፍግ አድርጎ መትከል ያጓጓል፤ በሦስተኛው ዓመት ግን አንዱ ሌላውን ያፍነዋል።

አሁን ዋናው ነገር፦ አንገቱን አትቅበሩት። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት ነጣ ያለ ቦታ አለ። ያ ቦታ ከአፈሩ ገጽ ጋር እኩል ወይም አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ አዲስ መደብ ስለሚሰምጥ ከፍ ቢል ይሻላል። ከተከላችሁ በኋላ 5 ሊትር ያህል አጠጡ። ዝናብ ከሌለ ለሦስት ሳምንት በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ አዲስ ቅጠል ከመሐል ሲወጣ እስክታዩ በሳምንት አንዴ። ሥር ከያዘ በኋላ በበጋ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ አንድ ባልዲ ይበቃዋል።

---

እንኮይ ወረኢሉ
መጋቢት 2

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልጨምር፤ ችግኝ ሲጠየቅ ግራ ያጋባልና። ይኸው ተክል አንዳንድ ቦታ አሸንዳ ይባላል፤ ሽመትመጤ የሚለውም አለ። አሸንዳ ግን በላስታ ለአሸንድዬ ልጃገረዶች ወገባቸው ላይ የሚያስሩት ረጅም ቅጠልም ስም ነው። የጣሪያ ውሃ መውረጃውም አሸንዳ ነው። ስለዚህ ሰው «አሸንዳ አለኝ፣ ልስጥህ» ሲላችሁ አበባውን ጠይቁ። የኛው ወፍራም አንድ ዘንግ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ የሚያብብ፣ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ የሚፈነዳ፣ ክሮቹ ከአበባው አልፈው የሚወጡ ነው።

ስለ ጣሪያው ካነሳን አይቀር፣ አሸንዳ በሌለው ቆርቆሮ ጠፈጠፍ ሥር ይህን አበባ አትትከሉ። ጠፈጠፉ አፈሩን ይገርፋል፣ ጭቃውን አንገቱ ላይ ይረጫል። ከግድግዳው ቢያንስ 1 ሜትር ይራቅ።

---

ብርቆ ኮምቦልቻ
መጋቢት 3

አያ ጦሳ ሥር፣ አላህ ያቆይልን። ኮምቦልቻ ላይስ ይሆናል? ከፍታችን 1,850 አካባቢ ነው፣ ግቢው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ነው፤ ጥላ የሚባል የለውም።

---

ጦሳ ሥር
መጋቢት 3

እውነቱን ልንገርሽ እህታለም፤ ይህኛው ዝርያ ደገኛ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ፣ እስከ 4,000 ድረስ ነው አገሩ። ኮምቦልቻ ላይ ባይሞትም ይደክማል፤ ቅጠሉ ጫፉ ይደርቃል፣ ዘንጉም ያጥራል። የግድ ከፈለግሽው ከቀትር በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቦታ ፈልጊ፣ አፈሩን በ5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሣር ሸፍኚ (ከአንገቱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገሽ)፣ በበጋም ውሃውን በሳምንት አንዴ አድርጊ። ግን ያ ሁሉ ድካም ካለበት «የማያስቸግር አበባ» መሆኑ ቀረ። ላንቺ ግቢ አጋፓንተስ (ሰማያዊ አበባ በረጅም ዘንግ ላይ የሚያወጣው) ይሻላል። እሱም አንዴ ተተክሎ ይኖራል፣ ፀሐዩን ይችላል፣ አከፋፈሉም ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

---

የቦሩ ሜዳ ችግኝ
መጋቢት 4

አከፋፈሉን እኔ ልጻፈው። ብዙ ሰው በዶማ ከመሐል ይመታውና ግማሹን ይገድለዋል።

የሚከፈለው ጥቅጥቅ ብሎ ከመሐል አበባ መስጠት የቀነሰ፣ 4 ወይም 5 ዓመት የሞላው እግር ነው። ከዚያ በፊት አትንኩት፤ መነካካት አይወድም። ከአንድ ቀን በፊት በደንብ አጠጡ። በማግሥቱ ጠዋት ቅጠሉን በገመድ ሰብስባችሁ እሰሩ፤ ያኔ የምትቆርጡት ይታያችኋል። ከቅጠሉ ጫፍ ሳይሆን ከአንገቱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ ዙሪያውን በአካፋ ቁረጡ፣ ጥልቀቱም እንዲሁ 30 ይሁን፤ ከዚያ ከሥር ፈንቅላችሁ ከነአፈሩ አውጡት።

አፈሩን በውሃ አጥባችሁ ስታዩት እያንዳንዱ የቅጠል እቅፍ የራሱ አንገትና የራሱ ሥር አለው። በእጅ ግራና ቀኝ እያወዛወዛችሁ ለዩት፤ እምቢ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ቢላ ይግባ። ቢላው በበረኪና ይጠረግ፤ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ፣ 10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ። ለመትከል የሚበቃው ልጅ (ከእናቱ የተለየው ቁራጭ) ቢያንስ 4 ቅጠልና የአውራ ጣት ያህል ርዝመት ያላቸው 5 ወይም 6 ሥሮች ያሉት ነው። ከዚያ ያነሰውን በፕላስቲክ ከረጢት አሳድጉት። ሥሩ የተቆረጠ ተክል ያን ሁሉ ቅጠል ሊያጠጣ አይችልምና ቅጠሉን ወደ 15 ወይም 20 ሳንቲ ሜትር አሳጥሩት። የተቆረጠው ገጽ እንዲደርቅ ከሰዓት እስከ ማታ ጥላ ላይ አስቀምጡትና ትከሉት።

በተከፈለበት ዓመት አበባ አትጠብቁ። በሁለተኛው ዓመት ይመጣል።

ጊዜው ደግሞ መጋቢት ነው። የበልጉ ካፊያ ይረዳዋል፣ ክረምት እስኪገባም 3 ወር ሥር ለመስደድ ጊዜ ያገኛል። በሰኔ መጨረሻ ላይ ከፍላችሁ ብትተክሉት ቁስሉ ሳይድን ሐምሌ ይመጣበታል፤ ያ ማለት እርጥብ ጭቃ ውስጥ ክፍት ቁስል ነው።

---

ላስታ አለቱ
መጋቢት 4

ወንድሜ የቦሩ ሜዳ፣ አከፋፈሉ ላይ ምንም አልጨምርም። ጊዜው ላይ ግን ለሁሉም ቦታ አይሠራም። ወደ ላሊበላ አካባቢ በልግ የሚታመን አይደለም፤ በመጋቢት የተተከለ ልጅ በየሁለት ቀኑ በጄሪካን ውሃ ካልተጋዘለት በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ይቀራል። አፈራችን ደግሞ ድንጋያማና ዳገታማ ስለሆነ ክረምቱ አያበሰብሰውም። እዚህ የሚያዋጣው የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ መሬቱን አንድ ክንድ ካራሰ በኋላ፣ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ መትከል ነው።

---

የቦሩ ሜዳ ችግኝ
መጋቢት 4

ልክ ነህ፣ ተቀብያለሁ። እንግዲህ እንዲህ ይያዝ፦ ውሃ የሚተኛበት አፈርና በልግ የሚያገኝ አገር (ደሴ፣ ኩታበር፣ ቦሩ ሜዳ) በመጋቢት፤ ድንጋያማ ዳገትና በልግ የማያገኝ አገር በክረምቱ መግቢያ። በቧንቧ ውሃ የሚተማመን ሰው ከአበባው በኋላ በጥቅምት መጨረሻም መክፈል ይችላል።

---

ሆጤ ግቢ
መጋቢት 7

እባካችሁ እርዱኝ። 6 እግር አለ፣ ሁለቱ ላይ የመሐሉ ቅጠል ወደ ቢጫ ሄዶ ወድቋል፤ የዳር ቅጠሎቹ ግን አረንጓዴ ናቸው። ከተተከለ ዓመት ሊሞላው ነው። በየወሩ የከብት ፍግ ይደረግለታል፣ ማታ ማታ ይጠጣል። ምን ጎደለበት?

---

ጦሳ ሥር
መጋቢት 7

የጎደለበት የለም እህቴ፣ የበዛበት ነው። የመሐሉን ቅጠል በሁለት ጣት ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ያለ ምንም ትግል ከወጣና ጫፉ ቡናማ፣ ሙልጭልጭ ያለና የሚሸት ከሆነ ልቡ በስብሷል። ጤነኛ ቅጠል ሲሳብ ይታገላል፤ ቢበጠስም ጫፉ ነጭና ጠንካራ ነው።

አብሽሪ፣ የዳሩ ቅጠል አረንጓዴ ከሆነ ጎኑ ላይ ያሉት ልጆች ይተርፋሉ። ዛሬውኑ ንቀይው። ሥሩን እጠቢ፤ የለሰለሰውንና የጠቆረውን ሁሉ ነጭ ሥጋ እስኪታይ ድረስ ቁረጪ፣ በእያንዳንዱ ቁርጥ መሐል ቢላውን በበረኪናው ውሃ እየጠረግሽ። የዳኑትን ልጆች ለአንድ ሙሉ ቀን ጥላ ላይ አድርቂያቸው። ከዚያ በአዲስ ቦታ፣ ግማሽ አሸዋ ግማሽ አፈር ባለበት ትከያቸውና ለ5 ቀን አታጠጪ። የበሰበሰውን ወደ ብስባሽ ጉድጓድ አታስገቢው፤ አድርቀሽ አቃጥይው። የተነቀለበትን ጉድጓድም ለሽንኩርት ወይም ለሌላ የዝንጀሮ አገዳ አትጠቀሚበት።

ለቀሩት 4 እግሮች፦ ፍጉን በሙሉ ከአንገታቸው ጥረጊው። ፍግ አንገት ላይ ሲከመር እርጥበቱን ይይዛል፣ እየበሰለም ይሞቃል፤ የልቡ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የዓመት ድርሻው በእግር አንድ አካፋ የበሰለ ብስባሽ ብቻ ነው፤ በመጋቢት፣ ከአንገቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ እንደ ቀለበት ዙሪያውን። የማታ ውሃውንም ተዪው። በሚያስፈልግ ቀን ጠዋት፣ ከሥሩ ሥር፤ ቅጠሉ መሐል ላይ አይፈሰስ። ቅጠሉ እንደ ጣሪያ አሸንዳ ስለሆነ ውሃውን ወደ ልቡ ይወስደዋል።

---

ዘንግ የለሽ ኩታበር
መጋቢት 9

የኔ ተቃራኒው ነው። ቅጠሉ ለምለም፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ እስከ ደረት ይደርሳል። ሁለት ክረምት አለፈ፣ አንድ ዘንግ አላወጣም። ዩሪያ በሰኔ አንድ እፍኝ ይሰጠዋል።

---

የቦሩ ሜዳ ችግኝ
መጋቢት 9

መልሱ ጥያቄህ ውስጥ አለ፦ ዩሪያው። ናይትሮጅን ቅጠል ያበዛል፣ ዘንግ ያስረሳል። ይህ ተክል በተራራ ላይ በስስ አፈር የሚኖር ነው፤ ማዳበሪያ አይለምንም። ዘንድሮ ምንም አትስጠው፤ የሰኔውን ዩሪያ ለበቆሎህ አድርገው።

እሱ ካልሆነ የሚታዩት ነገሮች በተራ እነዚህ ናቸው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ጥላ የሚጥልበት ዛፍ ወይም ግንብ አለ? የባሕር ዛፍ አጥር በ10 ሜትር ውስጥ አለ? ካለ ውሃውን እሱ ነው የሚጠጣው። አንገቱ ስንት ሳንቲ ሜትር ተቀብሯል? አፈሩን በጣትህ ገፋ አድርገህ እየው፤ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ በዙሪያው ያለውን አፈር ጠርገህ አውጣው። ፍልፈል ያለበት ግቢ ከሆነ ይህን በየወሩ አድርግ፤ ፍልፈል አፈር ሲቆልል አንገቱን ይቀብረዋል፣ ማንም ሳያስተውል።

---

እንኮይ ወረኢሉ
መጋቢት 10

ስለ ዘር የጻፈ የለም። ዘንጉ አብቦ ሲያልቅ ዘር የማትፈልጉ ከሆነ ከሥሩ ቁረጡት፤ ጉልበቱ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። ዘር ከፈለጋችሁ በእግር አንድ ዘንግ ብቻ ተዉ። ፍሬው ክብ ሆኖ ይደርቃል፤ ጫፉ መሰንጠቅ ሲጀምር ዘንጉን ቆርጣችሁ በወረቀት ከረጢት ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ስቀሉት፣ ዘሩ ራሱ ይረግፋል። የተተዉት ፍሬዎች ከፈነዱ ዘራቸውን ንፋስ ይወስደዋል።

መዝሪያው 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ተነፍቶ። ዘሩን በትኑና በግማሽ ሳንቲ ሜትር ስስ አሸዋ ሸፍኑት፤ በደቃቅ ውሃ ማጠጫ አርጥቡት። ቡቃያው መጀመሪያ ሣር ነው የሚመስለው። አረም መስሏቸው የሚነቅሉት ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ በመስመር ዝሩትና መስመሩን በእንጨት ምልክት አድርጉበት። 4 ቅጠል ሲያወጣ ወደ ከረጢት፣ በዓመቱ ወደ መደብ። አበባው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ነው።

ይህን ያህል የምጽፈው ለምክንያት ነው። ከተራራ እየነቀሉ ማምጣት ቀላል ይመስላል፤ ግን ትልቅ እግር ከድንጋይ መሐል ሲነቀል ሥሩ ይቆረጣል፣ ግማሹ ግቢ ሳይደርስ ያልቃል፤ ተራራውም ባዶውን ይቀራል። ከቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ መንቀል ደግሞ ጭራሽ ክልክል ነው። ከጎረቤት የተከፈለ አንድ ልጅ ለምኑ፣ ወይም ከዘንግ ዘር ሰብስቡ።

---

ብርቆ ኮምቦልቻ
መጋቢት 11

እናቶች ሥሩን ለሆድ ቁርጠት ቀቅለው ያጠጣሉ፤ ግቢ ውስጥ ከተተከለ ለዚያም ይሆናል ወይ?

---

ጦሳ ሥር
መጋቢት 11

በባህል የሚታወቅ ነው፣ እውነት ነው። ሥሩ ውስጥ አንትራኩዊኖን የሚባሉ ኃይለኛ ነገሮች አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ፣ ኒፎሎን፣ ከዚሁ ተክል ተለይቶ በ1984 (እንደ ፈረንጆቹ) ታትሟል። ኃይለኛ ስለሆነ ነው እኔ ለአበባ ብቻ ትከሉት የምለው። ሥሩ ውስጥ ያለው የእነዚህ ነገሮች መጠን ከእግር እግር ይለያያል፤ ለልጅና ለነፍሰ ጡር በቤት ተለክቶ የሚሰጥ ነገር አይደለም። ሆዷን ያመማት ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

---

ላስታ አለቱ
መጋቢት 13

ለመደቡ ጫፍ ጦስኝ ትከሉ። እሱም የደጋ ነው፣ እሱም ውሃ የሚተኛበትን አይወድም፤ ዝቅ ብሎ ስለሚሰራጭ አንገቱን አያፍነውም፣ አረምም አያበቅልም። በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይሁን። አደይ አበባ ግን ከመሐሉ እንዳይበቅል ተከታተሉ። መስከረም ላይ ሁለቱ አብረው ሲያብቡ ማየት ደስ ይላል፤ ቢሆንም አደዩ በነሐሴ ቁመቱን ጨምሮ ፀሐዩን ይከለክለዋል። ከመደቡ አንድ እርምጃ ውጭ ይሁን።

በግና ፍየል በግቢ የሚለቁ ሰዎችም አይስጉ፤ ከብት አይበላውም። በተጋጠ ሜዳ ላይ ብቻውን ተርፎ የምናየው ለዚህ ነው። የሚረግጠው እንስሳ ግን ዘንጉን ይሰብራል።

---

ሆጤ ግቢ
መጋቢት 19

እግዜር ይስጥልኝ። ከሁለቱ 5 ልጅ ተረፈ፣ ሁሉም ጫፋቸው ነጭና ጠንካራ ነው። አሸዋ ባለበት ተተክለዋል። ቅጠሉ መሐል ላይ ግን ቀንድ አውጣዎች አገኘሁ፤ በእያንዳንዱ እግር 3 ወይም 4።

---

የቦሩ ሜዳ ችግኝ
መጋቢት 19

ቀንድ አውጣው ቀን ቀን ከቅጠሉ ግርጌ ተጣጥፎ ይተኛል፤ ማታ ወጥቶ ለጋውን ዘንግ ይበላል። አመድ ዙሪያውን መነስነስ እርጥበት እስኪነካው ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በክረምት ከንቱ ነው። በእጅ መልቀም ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ ቅጠሉን በሁለት እጅ ከፈት አድርገሽ እይ። በግርጌው የደረቁትን ቅጠሎች ወደ ታች ስበሽ አውልቂያቸው፣ መደበቂያው እነሱ ናቸው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ግን የደረቀውን ቅጠል ተዪለት፤ ውርጩን ከአንገቱ የሚከለክልለት እሱ ነው። በየካቲት ማለቂያ ታወልቂዋለሽ።

በበጋ ደግሞ ቅጠሉ ላይ ብርማ ጭረትና ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ ትሪፕስ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ነው። በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠሽ ፀሐይ ስትገባ የቅጠሉን ጀርባ እርጪው፤ በ5 ቀኑ ድገሚው። አበባው ሲፈነዳ ግን ምንም አትርጪ። የአበባ ማር የሚመጥጡት ትንንሽ ወፎች ዘንጉ ላይ ቆመው ምንቃራቸውን ከታች ወደ ላይ ሲከቱት ግንባራቸው በቢጫ ዱቄት ተቀብቶ ይወጣል፤ ንቡም እዚያው ነው። ሳሙናውን እነሱ ላይ ማድረስ የለብንም።

አዲሶቹን 5 ልጆች ዛሬ እንዳታጠጪ። ቀኑን ቁጠሪ፣ በስድስተኛው ቀን ጠዋት ለእያንዳንዳቸው 2 ሊትር።